ሳላየው የጻፍኩት ውሃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የልጅነት ጓደኛዬ ጅግሶ ዲላ ውስጥ ተቀበረ። ልብስ ሰፊ ነበር። የሞተው በኩላሊት ሕመም ነው። ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል።

ከሐዋሳ በጠዋት ሚኒባስ ተነሥቼ ለጥቂት ደረስኩ። መዘምራኑ በጌዴኦኛ እየዘመሩ ከፊት ይሄዳሉ፤ ሳጥኑን ስድስት ሰዎች ተሸክመዋል፤ ከሳጥኑ ኋላ የመጨረሻ ልጁ ምሕረት የአባቷን የእንጨት ክራንች በሁለት እጇ ይዛ ትከተላለች። ክራንቹ ብብት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ጨርቁን ራሱ እንደ ሰፋው ከስፌቱ ያስታውቃል።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ቆጮና የባቄላ ወጥ ቀረበልን። በዚያ መሐል ነፋሱ ከወንዙ በኩል ነፈሰና ያ ሽታ ገባ። የዲላ ሰው ያውቀዋል። የከረመ አተላና የበሰበሰ ሙዝ የተደባለቁ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጎምዛዛ ሽታ ነው። የቡና ማጠቢያዎቹ ውሃ ሲለቁ ይመጣል። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ መጉረሳቸውን አላቋረጡም።

«ዘንድሮ ቡናው ደህና ነው ማለት ነው» አሉ ብቻ።

እኔ የያዝኩትን ቆጮ መልሼ አስቀመጥኩ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወር፣ ይህን ሽታ አንድ ድንጋይ ላይ ቆሜ አሽትቼዋለሁ። ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ ለገዳራ ወንዝ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ዘግቤአለሁ፤ ያን ቀን ግን አልጻፍኩትም።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከደጋ መጥቶ ዲላ የሰፈረ ሰው ነው፤ በሞያሌ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ነበረው። በዚያ መንገድ የማያልፍ የጭነት መኪና አልነበረም። ጨው የጫነ፣ ከብት የጫነ፣ በመኸር ደግሞ ከዱመርሶና ከሬኮ በኩል ቡና ጭኖ የሚወጣ። ጎማ የፈነዳበት ሁሉ አባቴ ደጅ ይቆማል። ከባድ መኪና የማይሸከም፣ ሰው ግን የሚሸከም ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ከተጣለበት ጥግ የእኔና የጓደኞቼ ይሆናል። በማስቲሽ ለጥፈን፣ ነፍተን፣ ጀርባችን ላይ አዝለን ወደ ለገዳራ እንወጣለን። እያንዳንዱ ከመነዳሪ ስም ነበረው። የሚሰየመው ጎማው በፈነዳበት አገር ነው። የኔ «ሐገረ ማርያም» ይባላል። ኸይሩ የሚባለው የባለ ሱቁ ልጅ «ሞያሌ» የሚባል ትልቅ ነበረው፤ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ይተነፍሳል። የጅግሶ «ያቤሎ» ነው። ያቤሎ ዘጠኝ ልጥፍ ነበረበት፤ ሰምጦ ግን አያውቅም።

ለገዳራ ከምሥራቁ ደጋ ተነሥቶ በእንሰቱና በቡናው መካከል እየተሹለከለከ ይወርዳል። ያን ጊዜ ከታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ የምትቆጥርበት ወንዝ ነበር። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ እንስራ ይሞሉበታል፤ ከጪጩ አናናስ ተሸክመው የሚመጡት ገበያ ከመግባታቸው በፊት እግራቸውን ይታጠቡበታል። እኛ የምንነሣው ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ከዚያ በከመነዳሪ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ትወርድና ወንዙ በሁለት ዐለት መካከል ይጠብባል። «በር» እንለዋለን። ከበሩ ቀጥሎ ውሃው ሰፍቶ ይረጋል፤ እሱ «ጥልቁ» ነው። በሩን እንዳለፍክ ከመነዳሪህን ትለቅና ጥልቁን ዋኝተህ ድልድዩ ጋ ትደርሳለህ። ቀድሞ የድልድዩን ምሰሶ የነካ አሸነፈ። ሽልማቱ አናናስ ነው፤ ለመላጥ የማንም ትዕግሥት ስለማይበቃ እዚያው በድንጋይ ሰብረን እንበላው ነበር። አሲዱ ምላሳችንን ይልጠዋል።

በሩን ማለፍ ዕውቀት ይጠይቃል። መሐሉ ላይ፣ ከውሃው በታች አንድ ክንድ ያህል፣ ጥቁር ድንጋይ አለ። ውሃው ጥርት ሲል ጥላው ይታይሃል፤ ወደ ግራ ትወረወራለህ። ጅግሶ ከመነዳሪው ላይ ቆሞ በግራው ዘሎ ይገባ ነበር። ከሁላችንም እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው።

ችግሩ ወቅቱ ነው። በክረምት ወንዙ ይደፈርሳል፣ ይወስዳል። በበጋ ይጎድልና ከመነዳሪው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ደህናው ውሃ ያለው ጥቅምትና ኅዳር ነው። እሸት ቡና የሚለቀመውም፣ የሚታጠበውም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከሾላው ሥር ወደ ላይ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሲወጣ አንድ የቡና ማጠቢያ ነበረ። ማሽኑ ቀዩን ልጣጭ ይገፍፈዋል፤ ፍሬው ልጋጉን እንደያዘ ገንዳ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያህል ይብላላል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ያ ውሃ መሄጃው ለገዳራ ነው። ሲለቀቅ ወንዙ የሻይ ቀለም ይይዛል፣ አረፋ ያወጣል፣ ዐለቱ ሁሉ እንደ ሳሙና ይሆናል። ገላን ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል። ዓሣ ጀርባውን ገልብጦ ሲንሳፈፍ አይተናል።

ስለዚህ ወንዙ ንጹሕ የሚሆንበትን ሰዓት ማወቅ ነበረብን። ያ የኔ ሥራ ሆነ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ቀለም፣ ሽታው እያልኩ እጽፍበታለሁ። ከማጠቢያው በታች የእንሰት ቅጠል ጠቅልለንና አስረን ለቀን፣ በሩ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ እንደሚፈጅበት ለክተናል። ይህንንም ጽፌአለሁ። በዚህ ምክንያት ጅግሶ ስሜን ትቶ «ደብተር» ይለኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት።

ማጠቢያው ውስጥ ገንዳውን የሚጠብቁት ጋሽ ዱካሌ ነበሩ። አጭር፣ እጃቸው በልጋጉ ብዛት የተሰነጣጠቀ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ መጣሁና ቡናው ገንዳ የገባው ሐሙስ ማታ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ይታጠባል ማለት ነው፣ እሑድ ወንዙ ንጹሕ ነው ማለት ነው፣ አልኳቸው።

«ማነው ያለህ?» አሉ።

«አስልቼ ነው።»

ሳቁ። ክንዴን ይዘው ገንዳው ውስጥ እስከ ክርን ከተቱት። ሞቅ ያለ፣ የሚያዳልጥ ነገር ነው። ፍሬው በጣቶቼ መካከል ሾለከ።

«አሁን ምን አለችህ?»

«ምንም።»

«ገና ናት ማለት ነዋ። ቡና ሰዓት አታውቅም። ስትበስል እንደ ጠጠር ትሻክራለች፣ ስታሻት ኩርሽ ኩርሽ ትላለች። ያኔ ውሃ እንለቃለን። በቆላ ቶሎ ትበስላለች፣ ብርድ ሲሆን ትዘገያለች። እዚህ መጥተህ እጅህን ካልከተትክ አትጻፍ።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ውድድር በምናደርግበት ቀን ማልጄ እወጣለሁ፤ እጄን ገንዳው ውስጥ እከታለሁ፤ ወርጄ ለልጆቹ እነግራለሁ። ወደ ማጠቢያው የሚወጣው መንገድ አንድ ነው። የሚያልፈውም በጅግሶ እናት በእማማ አየለች ደጅ ነው። ሳልፍ ይጠሩኛል፤ እሳት ላይ ያለ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለውን ሥር፣ ልጠው በቅጠል ያስይዙኛል። በልቼው የጨረስኩት ማጠቢያው ደጅ ስደርስ ነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር አንድ ነገር ይዘው መጡ። ከአዋሳ የሚመጣ የዋና አሰልጣኝ አለ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ዲላ ይገባል፣ እሑድ ወንዙ ላይ ልጆቹን አያለሁ ብሏል፤ አንድ ሁለት ደህና ልጅ ካገኘ አዋሳ ወስዶ ሐይቁ ላይ ያሠለጥናል፣ ትምህርቱንም እዚያው ይቀጥላል። ማንን እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጅግሶ አባት የለውም። የስምንተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ዓመት ቡና ሲለቅም ከርሞ ነው ከእኛ ጋር የተቀላቀለው።

ሐሙስ ዕለት ጅግሶ አባቴ ደጅ መጥቶ ያቤሎን በውሃ በርሜል ውስጥ እያገላበጠ አረፋ ይፈልግ ነበር።

«ደብተር፣ እሑድ ቢቆሽሽስ?» አለኝ።

«ለሌላ ቀን ይሸጋገራላ።»

«ሰውየው ሰኞ ይሄዳል።»

ኸይሩ ሞያሌን እየነፋ ነበር። «አይዞህ፣ ቆሽሾ ካገኘነው አሰልጣኙን ሻይ ነው እንለዋለን» አለ።

ጅግሶ አልሳቀም። «እናቴ ሻንጣ ተውሳልኛለች» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልተጠበቀ ዝናብ ጀመረ። በኅዳር እንዲህ ያለ ዝናብ ብዙ አይታይም፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ስለሚያበላሽ ሰው ሁሉ ይረግመዋል። አልቆመም። ብርዱ ከዝናቡ ጋር ከደጋው የወረደ ይመስል ነበር። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ቆርቆሮው ላይ አሁንም ይንጠባጠባል። ወደ ማጠቢያው የሚወጣው መንገድ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ከእግር ያወልቃል። ብርድ ልብሱ ሞቃት ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብዙ ጊዜ ፈልጌ አላገኘሁም።

ደብተሬን አነሣሁ። ቡናው ገንዳ የገባው ሐሙስ ማታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሽ ዱካሌን ዓርብ አግኝቻቸው ነበር። ሁለት ሌሊት ቆጠርኩ። ቅዳሜ ታጥቧል፤ እሑድ ንጹሕ ነው። አልጋ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እሑድ፣ አንድ ሰዓት ከጠዋቱ። ገንዳው ባዶ። ውሃው ንጹሕ። ሽታ የለውም።» ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በአስፋልቱ በኩል አድርጌ፣ በሣሩ ላይ እየረገጥኩ ሾላው ሥር ደረስኩ። ዝናቡ አቁሟል። አሥራ አንድ ልጆች ከመነዳሪያቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ጅግሶ ቁምጣውን አጥብቆ አስሮ ወንዙን ያያል። ወንዙ በዝናቡ ትንሽ ሞልቷል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ደብተር፣ ምን አለ ወንዙ?» አለ።

«ንጹሕ ነው። አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነበርኩ።»

ደብተሩን ዘረጋሁለት። እሱ ግን ወደ ታች አየ። ቡናማ የሸራ ጫማ ነበር ያደረግኩት፤ ጫፉ በጤዛ ርሷል፤ ጭቃ የለበትም።

«ጫማህን አጥበህ ነው የመጣኸው?»

«በሣሩ በኩል ነው የወረድኩት።»

«ይሄ የጎሚስታ ልጅ አይደል» አለ ኸይሩ፣ «መንገዱን በሙሉ በጎማ ተንከባሎ ነው የወረደው።»

ልጆቹ ሳቁ። ጅግሶም ሳቀ፤ የሳቀው ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ከዚያ ያቤሎን አንሥቶ ውሃው ላይ አስቀመጠ።

የኔ ቦታ በሩ ላይ ያለው ዐለት ነው። ከዚያ በሩም፣ ጥልቁም፣ ድልድዩም ይታያል። መምህሩና አሰልጣኙ አብረውኝ ቆሙ። አሰልጣኙ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጓል። ቀይ ጨርቅ ነበረኝ፤ የውሃው መልክ ከተለወጠ እያውለበለብኩ ላስቆማቸው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ገደማ ሽታው መጣ። እርግጠኛ የምሆነው ሰዓቴን ስላየሁ ነው። ከከተማው ይሆናል አልኩ ለራሴ። ነፋሱ ከላይ ነበር፤ ከተማው ከታች ነው። ጨርቁን አላነሣሁም። ካነሣሁት ለምን ብለው ይጠይቁኛል።

ጅግሶ ወንዙ ከሚታጠፍበት በኩል ብቅ አለ። ከኋላው የመጣው ልጅ በሃምሳ ሜትር ይርቃል። እንደ ልማዱ ከመነዳሪው ላይ ቆሟል፤ በእጆቹ ሚዛን ይጠብቃል።

«ይህ ልጅ ማን ይባላል?» አለኝ አሰልጣኙ።

«ጅግሶ።»

ከኪሱ ወረቀት አወጣና ጻፈው። ሲጽፍ አየሁት። ቀና ስል ከጅግሶ ጀርባ ወንዙ ቀለሙን ለውጧል። ቡናማው ውሃ ከነአረፋው ከያቤሎ እኩል ይወርድ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቀደመው። ጨርቁን አነሣሁ። ጅግሶ ጨርቁን ያየ ይመስለኛል፤ ፊቱ ወደ እኔ ዞሯል። ከዚያ ወደ ውሃው አየ። የጥቁሩ ድንጋይ ጥላ የለም። በግራ ነው ብሎ በልማድ ዘለለ። በዝናቡ የሞላው ውሃ ከተለመደው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ገፍቶት ነበር።

ድምፁ እኛ ጋ ተሰማ። ቀኝ ጉልበቱ ነው። ሊነሣ ዐለቱን ያዘ፤ ዐለቱ አዳለጠው፤ እንደገና ወደቀና እግሩ በድንጋዮቹ መካከል ገባ። አሰልጣኙ ከነልብሱ ገባ። እኔም ገባሁ። ውሃው ዓይኔን አቃጠለኝ። አውጥተን ያቤሎ ላይ አስተኛነው፤ ወደ አስፋልቱ የተሸከምነው በሱ ላይ ነው። አሰልጣኙ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ ጠመጠመለት። አንድ ሾፌር ጭነቱን ይዞ ቆመልንና ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሙ ቁስሉን ሲያጥብ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በመቆንጠጫ አንድ ነገር አወጣና ወደ ብርሃኑ አቀረበው። ቀይ የቡና ልጣጭ ነው።

«ምን ውሃ ውስጥ ነው የወደቀው?» አለ።



ቁስሉ አመረቀዘ። በዘጠነኛው ቀን እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። እማማ አየለች በተዋሱት ሻንጣ መቀየሪያ ልብስ ይዘው ሆስፒታል መጡ።

በሳምንቱ ወደ ማጠቢያው ወጣሁ። ጋሽ ዱካሌ ነገሩን ሰምተዋል። ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ቅዳሜ ማታ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተው ነበር፤ ቡናው በብርዱ አልበሰለም። እሑድ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ከተቱ፤ ትንሽ ቀርቶታል። ሦስት ሰዓት ላይ ሻከረ፤ ውሃ ለቀቁ።

«አንድ ሰዓት ላይ መጥተህ ቢሆን አብረን በነካናት» አሉ። «ምነው ቀረህ ልጄ?»

እኔን አልጋ ላይ ያስቀረኝ ዝናብና ቡናውን ያዘገየው ዝናብ አንድ ነው። ይህን ያን ቀን አልተረዳሁትም፤ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።  ደብተሩን ለጅግሶ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም፤ ምናልባት ከቤት እንዲወጣልኝ ይሆናል። ትራሱ ሥር አደረገው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ጅግሶ አንድ መልስ ነበረው። «ደብተር ሰዓቱን ልክ ነው ያለው፤ ወንዙ ነው ያበለው» ይል ነበር። ኸይሩ ፊት፣ መምህሩ ፊት፣ አባቴ ፊት እንዲህ ብሏል። እኔም አላረምኩትም።

ስፌት ተማረ። በገበያው ዳር በረንዳ ላይ አንድ የእግር መኪና አስቀምጦ በግራ እግሩ ይረግጠው ነበር። ሁለት እግር ያላቸው ሰፊዎች የእሱን ያህል አይፈጥኑም ይባላል፤ እውነት መሆኑን ቆሜ አይቻለሁ። አግብቶ አራት ልጆች ወለደ። ዲላ በመጣሁ ቁጥር በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጆቹን ልኮ አናናስ ያስመጣል። የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር የለበስኩትን ሱሪ የሰፋልኝ እሱ ነው። አንድ ልማድ ነበረው። ስመጣ ሰላም ከማለቱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ጫማዬን ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ የሱሪውን ርዝመት ይለካል ብዬ አስብ ነበር።

ልነግረው ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ሁለቱን ጊዜ ደንበኛ መጣ። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አልመጣም። ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሁት ባለፈው ፋሲካ ነው፤ ፊቱ አብጦ ነበር። ስለ ዝናብ አወራን።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየሳሳ ሲመጣ ምሕረት አጠገቤ ተቀመጠች። የስፖርት መምህርት ናት። እንደ አባቷ ሳትቸኩል ነው የምትናገረው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች። «ተማሪዎቼ ከድልድዩ በታች ያለውን ቆሻሻ ሲያጸዱ ነው የከረሙት። ፕላስቲኩን፣ የመኪና እጥበቱን ዘይት፣ የሥጋ ቤቶቹን ሁሉ። ቅዳሜ በከመነዳሪ ሊወዳደሩ ነው። ላስገባቸው ወይስ ልተወው? አባባን ጠይቄው ነበር፤ 'ደብተርን ጠይቂው' አለኝ።»

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው።»

ከነጠላዋ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፤ ጅግሶ በሱሪ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፍቶታል። «ይህንንም ስጪው ብሎኛል» አለች።

አልገለጥኩትም። መጨረሻው ገጽ ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

«ምሕረት፣ በዚህ ውስጥ አንድ መስመር ውሸት አለ» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። «ያን ቀን ጠዋት ወደ ላይ አልወጣሁም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

 አልደነገጠችም።

«አባባ ያውቅ ነበር» አለች። «ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ተቀምጦ፣ ቦዬ ይዞ ይጠብቅዎት ነበር። እርስዎ አላለፉም። መንገዱ ደግሞ አንድ ነው። ጫማው ንጹሕ ነበር ይል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባ?»

«'ሰውየው ሰኞ ይሄዳል፤ ንጹሕ ነው የሚለኝ ሰው እፈልግ ነበር' አለኝ።»

 ክራንቹ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተደግፎ ቆሟል። ምሕረት አሁንም ታየኛለች፤ የጠየቀችኝን ገና አልመለስኩላትም።

ተነሥቼ ከምሕረት ጋር ወደ ማጠቢያው ወጣሁ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። የእማማ አየለች ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተሠርቷል። ሾላው ተቆርጧል። ማጠቢያው ባለቤት ቀይሮ ሰፍቷል፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ ጉድጓዱ እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ዘበኛው አስገባን። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ፈቃድ ጠየቅኳት፤ ኮቴን አውልቄ ለምሕረት ሰጠኋትና እጄን እስከ ክርን ከተትኩ። ከዚያ ወደ ወንዙ ወርደን እዚያም ከተትኩ።

ደብተሩ ላይ ከመጨረሻው መስመር በታች ባዶ ቦታ ነበር። ምሕረት እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

«ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ከቀኑ። ሦስት ገንዳ ሙሉ ነው፤ ቡናው ያዳልጣል፣ አልበሰለም። ከጉድጓዱ ጠርዝ ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ውሃው ቡናማ ነው፤ አረፋ አለው፤ ይሸታል። በእጄ ነክቻለሁ።»